የዓሣ ርዝመትና ክብደት በጅረቶቻችን ምን ይነግሩናል?

(አየር ጤና ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሌሎች ታዳሚዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



ከዚህ ከአየር ጤና የጅማን መንገድ ይዞ የተጓዘ ሰው ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ ይደርሳል። በዚያ ከተማ ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል። ከዚሁ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ትንሹ አቃቂ ይፈስሳል። ከገፈርሳ አካባቢ ተነሥቶ የከተማችንን ምዕራባዊ ክፍል ያቋርጥና ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ ከዚያም ውኃው ከአዋሽ ይቀላቀላል። ስለ ዓሣ የሚጠናበት ተቋምና ዓሣ ይኖርበታል ብለን የማናስበው ወንዝ በአንድ የከተማ ዳርቻ ይዋሰናሉ ማለት ነው። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለ አንድ ቀላል ስለሚመስል ሥራ ነው፤ በጅረት ውስጥ የሚኖርን ዓሣ ርዝመቱንና ክብደቱን ስለ መለካት።

ላስረዳ የምሞክረው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። የአንድ ዓሣ ርዝመትና ክብደት በትክክል ከተለካ የዓሣውን የአካል ሁኔታ፣ ማለትም በአኗኗሩ ደልቶት እንደ ሆነ ወይም ከስቶ እንደ ሆነ ይነግረናል። ይሁን እንጂ የአካል ሁኔታ የሚናገረው ስለ ተያዘው ዓሣ ብቻ ነው። ስላልተያዘውና ስለ ጠፋው የሚናገረው የብዙ ዓሦች ርዝመት ዝርዝር ነው። ሁለቱን አብሮ ያላነበበ ተመራማሪ የሚሞትን ወንዝ ጤነኛ ነው ሊለው ይችላል።

የውኃው ናሙናና የዓሣው አካል

አንድ ወንዝ ደኅና መሆኑን ለማወቅ የተለመደው መንገድ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቶ ቤተ ሙከራ መውሰድ ነው። ይህ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጠርሙሱ የሚያውቀው የተቀዳበትን ሰዓት ብቻ ነው። ፍሳሽ በሌሊት ተለቅቆ ንጋት ላይ ካለፈ፣ ረፋድ ላይ የተቀዳው ናሙና ምንም ላያሳይ ይችላል። ዓሣው ግን ሌሊቱንም ንጋቱንም እዚያው ነበረ። የበላውን፣ የተራበውን፣ ኦክስጅን ሲያንሰው የታገለውን ሁሉ በሥጋው መዝግቦ ይይዛል። ሳምንታትና ወራት በዚያ አካል ውስጥ ተጠራቅመዋል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከብት ገዢ በሬውን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ወገቡንና ሽንጡን ይዳስሳል፤ የጎድን አጥንቱን በዓይኑ ይቆጥራል። ቁመቱ ያው የሆነ ሁለት በሬ አንዱ ሥጋ የያዘ፣ ሌላው የገረጀፈ መሆኑን በእጁ ያውቃል። እኛ በዓሣ ላይ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ እጁ የሚያውቀውን በቁጥር መጻፋችን ነው።

ሦስት ዓይነት ርዝመት

በአማርኛ ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባላል። መለካቱም ብልሃት ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ርዝመቱ ከየት እስከ የት ነው?» የሚለው ነው።

ዓሣው በመለኪያ ሰሌዳ ላይ በጎኑ ይጋደማል፤ አፉ ይዘጋል፤ የአፉ ጫፍ ከሰሌዳው ራስጌ ካለው ቋሚ ግድግዳ ጋር ይገናኛል። ከዚህ ተነሥተን ሦስት ቦታዎች ላይ ልናቆም እንችላለን። እስከ ጅራቱ ክንፍ የመጨረሻ ጫፍ ከለካን ጠቅላላ ርዝመት ይባላል። ጅራቱ ለሁለት በሚሰነጠቅበት ጉድጓዳ ቦታ ካቆምን የሹካ ርዝመት ነው። የጀርባ አጥንቱ አልቆ የጅራቱ ክንፍ በሚጀምርበት ካቆምን ደግሞ መደበኛ ርዝመት እንለዋለን። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስሕተት የሚሆነው የትኛውን እንደ ለካን ሳንጽፍ ስንቀር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ ቁጥር ልስጣችሁ። ለማስረጃ ያህል የሹካ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 22 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 100 ግራም የሆነ አንድ ዓሣ እንውሰድ። የአካል ሁኔታን ለማስላት በሰፊው የሚሠራበት ቀመር በስኮትላንዳዊው የዓሣ ሀብት ተመራማሪ በፉልተን ስም ይጠራል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ክብደቱን በግራም ወስደን በ100 እናባዛለን፤ ውጤቱን በሴንቲ ሜትር ለተለካው ርዝመት ኩብ እናካፍላለን። በሹካ ርዝመት ከሠራን 10,000 ሲካፈል ለ8,000፣ ማለትም 1.25 ይሆናል። በጠቅላላ ርዝመት ከሠራን 10,000 ሲካፈል ለ10,648፣ ማለትም 0.94 ያህል ይሆናል። ዓሣው አንድ ግራም እንኳ ሳይቀንስ በወረቀት ላይ ከአካል ሁኔታው ሩቡን አጣ። አንድ ተማሪ ዘንድሮ በሹካ ርዝመት፣ ሌላ ተማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ በጠቅላላ ርዝመት ቢለካና መዝገባቸው ይህን ባይገልጽ፣ «የወንዙ ዓሣ ከሳ» የሚል ጽሑፍ ሊታተም ይችላል።

የትንንሾቹ ዓሦች ፈተና

የደጋ ጅረቶቻችን ዓሦች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ምሳሌ የሚሆነን ጋራ የሚባለው ወገን ነው። ስሙ ከአማርኛው ጋራ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከሕንድ የአካባቢ ስያሜ የተወሰደ ነው። ከእነዚህ አንዱን ጀርመናዊው ተፈጥሮ አጥኚ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1835 ሲገልጸው በደምቢያ ስም ጠርቶታል። ዛሬ ይኸው ዝርያ በአዋሽ ተፋሰስም ይታወቃል። ጋራ ከአገጩ ሥር ባለ መምጠጫ መሰል ክብ አካል ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ኃይለኛ ወራጅን ይቋቋማል፤ ከድንጋዩ ላይም የሚበቅለውን አልጌ እየፋቀ ይመገባል።

እንግዲህ 6 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 2.7 ግራም የሚመዝን አንድ ጋራ ይኑረን። ስሌቱ 1.25 ይሰጠናል። ዓሣው ሰሌዳው ላይ ሲወራጭ ለኪው በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያስረዝመው ውጤቱ ወደ 1.08 ይወርዳል። ርዝመቱ ትክክል ሆኖ በአካሉ ላይ የቀረ ግማሽ ግራም ውኃ አብሮት ቢመዘን ደግሞ ወደ 1.48 ይወጣል። በ40 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ላይ ማንም የማያየው ጉድለት በዚህ ዓሣ ላይ የተራበውን የጠገበ፣ የጠገበውን የተራበ ያደርገዋል።

ስለዚህ በጅረት ዳር የምንከተለው ሥርዓት ዝርዝር የበዛበት መሆኑ አያስገርምም። ሚዛኑ በደረጀ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ነፋስ እንዳይነካው በሣጥን ይከለላል፤ በታወቀ ክብደት ተፈትኖ ሥራ ይጀመራል። ትንንሾቹን ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ መመዘን ይቀላል፤ መጀመሪያ ዕቃውና ውኃው ተመዝነው ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ውኃው የተንጠባጠበለት ዓሣ ይገባል። ከየአሥሩ ዓሣ አንዱን ሌላ ሰው፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ፣ እንደገና ይለካዋል። የሁለቱ ለኪዎች ልዩነት ራሱ ውጤት ነው፤ ከዚያ ልዩነት ያነሰ ለውጥ በወንዙ ላይ አየሁ ማለት አይቻልም።

የሚለካው ዓሣ ሕያው ነውና ጉዳቱንም ማሰብ ግዴታችን ነው። የዓሣ ቆዳ ከበሽታ የሚከላከልለት ዝልግልግ ሽፋን አለው፤ ደረቅ እጅና ደረቅ ሰሌዳ ይህን ሽፋን ይገፍፉታል። ስለዚህ እጃችንንም ሰሌዳውንም እናርሳለን። ባልዲው በጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። ለማደንዘዝ ከሚያገለግሉት መካከል በየቤታችን የምናውቀው የቅርንፉድ ዘይት ይገኝበታል፤ በጥቂቱና በልክ ከተጨመረ ዓሣው ይረጋል፤ ርዝመቱም በትክክል ይነበባል። ነቅቶ በራሱ መዋኘት እስኪጀምር ድረስ ግን ወደ ወራጁ አይለቀቅም። ናሙና ሆኖ በፎርማሊን የሚቆይ ዓሣም ርዝመቱ ያጥራል፤ ክብደቱም ይለወጣል። ስለዚህ የሕያው ዓሣና የናሙና ዓሣ ልኬት በአንድ ዓምድ አይጻፍም።

የኩቡ ሕግና ገደቡ

የፉልተን ቀመር ክብደትን ለርዝመት ኩብ የሚያካፍለው ለምንድን ነው? ዓሣው ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ስፋቱም ውፍረቱም እጥፍ ይሆናል። ሁለት በሁለት፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ ስምንት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 12.5 ግራም የሚመዝን ዓሣ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ 100 ግራም ይሆናል፤ ውጤቱም በሁለቱም ዕድሜ 1.25 ነው።

ተፈጥሮ ግን ቅርጽን ሁልጊዜ አትጠብቅም። ብዙ ዓሦች ሲያድጉ ከርዝመታቸው ይልቅ ውፍረታቸው ይፈጥናል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እየቀጠኑ ይረዝማሉ። ስለዚህ በኩብ፣ ማለትም በ3 ፈንታ እውነተኛውን አርቢ ከራሱ ከመረጃው እንፈልጋለን። የክብደቱን ሎጋሪዝም ከርዝመቱ ሎጋሪዝም ጋር ስናነጻጽር ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ የመስመሩ ተዳፋት አርቢው ነው። በአብዛኛዎቹ ዓሦች ይህ ቁጥር ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለአንድ ዝርያ 3.2 ሆኖ ተገኘ እንበል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ዓሣ ከ10 ሴንቲ ሜትሩ በምግብ ሳይበልጥ የፉልተን ውጤቱ በ15 በመቶ ያህል ይበልጣል። ትልልቅ ዓሦች የተያዙበት ወንዝ ትንንሾች ከተያዙበት ወንዝ የተሻለ መስሎ የሚታየው እንዲህ ነው።

ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1951 መፍትሔ ያቀረበው በእንግሊዝ የዊንደርሚር ሐይቅን ዓሣ ያጠና የነበረው ለ ክረን ነው። የእርሱ መንገድ እያንዳንዱን ዓሣ በዚያ ርዝመት ሊኖረው ከሚጠበቀው ክብደት ጋር ያነጻጽረዋል። ውጤቱ 1 ከሆነ ዓሣው እንደሚጠበቀው ነው፤ ከ1 ካነሰ ከእኩዮቹ ከስቷል፤ ከበለጠ ሥጋ ይዟል። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው የዚህን መንገድ ውበትና ገደቡን አብረው እንዲያስተውሉ ነው፤ «የሚጠበቀው» የተሰላው ከየትኞቹ ዓሦች ነው? ሁሉም ከተራበ ወንዝ የተወሰዱ ከሆኑ መካከለኛው ርሃብተኛ 1 ያገኛል። የንጽጽሩ መሠረት ደኅና ወንዝን ማካተት አለበት።

ከጣና ገባሮች የምንማረው

በአገራችን ዓሣን በመለካት ብዙ ከታወቀባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ጣና ነውና ከአዋሽ ወደዚያ ልውሰዳችሁ። በጣና ትልልቆቹ ነጭ ዓሦች፣ በሳይንሳዊ ወገናቸው ላቤኦባርበስ የሚባሉት፣ ለረጅም ጊዜ ያወዛገቡ ነበሩ። ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ሥራ መልካቸው የተለያየውን እነዚህን ዓሦች በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። በኋላ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የራሳቸውን፣ የአፋቸውን፣ የዓይናቸውንና የአካላቸውን ልኬት በብዛት ወስደው፣ ከአመጋገባቸውና ከመኖሪያቸው ጋር አገናዝበው፣ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ዝርያዎችን ለይተው አሳዩ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ለዛሬው ርእሳችን ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። አዳኙ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ሌላው ሰፊ ጎን ሊኖረው ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ የአካል ሁኔታቸውን ማወዳደር አቦሸማኔን ከበሬ ጋር አስተያይቶ አቦሸማኔው ከስቷል እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ወቅት ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች እንቁላል ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ የምትያዝ ሴት ዓሣ ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ነውና ከባድ ትሆናለች፤ ጥላ ስትመለስ ቀላል ናት። ክብደቷ የወረደው ወንዙ ስለ ጎዳት ሳይሆን ሥራዋን ስለ ጨረሰች ነው። ስለዚህ በሐምሌ የተለካውን ከጥር ጋር የሚያወዳድር ሰው ጾታውንና የመራቢያ አካሉን ደረጃ መመዝገብ አለበት፤ በተቻለም ጊዜ የእንቁላሉን ክብደት ቀንሶ ማስላት ይኖርበታል።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ይከብዳል። በጣና በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የተደረገው ንጽጽር እንዳሳየው በወንዝ የሚራቡት የእነዚህ ነጭ ዓሦች ብዛት በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር ደግሞ 80 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከ5 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያሉት ወጣት ዓሦች በ90 በመቶ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ያመለከቱት ምክንያት ሁለት ነው፤ ለመራባት የሚጓዙትን በወንዝ አፍ በመረብ ማጥመድና በወንዞቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በመበተን መመረዝ። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም።

እስቲ ይህን ከአካል ሁኔታ ጋር አስተያዩት። በዚያ ዘመን የተያዙትን ትልልቅ ዓሦች ብቻ መዝነን ቢሆን ኖሮ ስለ 90 በመቶው ምንም ባልሰማን ነበር፤ ያልተወለደ ዓሣ አይመዘንም። እንዲያውም ብዛቱ ሲቀንስ ለቀሩት የሚደርሰው ምግብ ሊጨምርና የአካል ሁኔታቸው ሊያምር ይችላል። አደጋውን የሚያሳየው በርዝመት ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ትልልቆቹ አሉ፣ ተተኪዎቹ ግን የሉም። በንግግሬ መጀመሪያ ሁለቱ ልኬቶች አብረው ይነበቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

መረቡም ይመርጣል

ባዶው ቦታ ግን ከመረቡም ሊመጣ ይችላልና የማጥመጃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የመረብ ቀዳዳ ዓሣን የሚይዘው በወገቡ ዙሪያ ነው። ለቀዳዳው ትንሽ ከሚሆኑት ዓሦች መካከል ቀጫጮቹ ሾልከው ያልፋሉ፤ ወፍራሞቹ ይቀራሉ። ለቀዳዳው ትልቅ ከሚሆኑት ደግሞ ወፍራሞቹ ሳይገቡ ይመለሳሉ፤ ቀጫጮቹ ይያዛሉ። በአንድ ዓይነት ቀዳዳ ብቻ የሠራ ሰው ትንንሾቹ ሁሉ የጠገቡ፣ ትልልቆቹ ሁሉ የከሱ ይመስለዋል፤ ያሰላው አርቢም ከእውነቱ ያንሳል። የተለያየ ቀዳዳ ያላቸውን መረቦች አብሮ መጠቀም ይህን ያለዝበዋል። በጥልቀት የሌላቸው ጅረቶች የተመረጠውን ክፍል ላይና ታቹን በጥቅጥቅ መረብ ዘግቶ በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ መሰብሰብ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ይህም ትልልቆቹን ከትንንሾቹ አብልጦ ይይዛል፤ ውጤቱም ውኃው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ይለያያል። ከምርጫ ነፃ የሆነ ማጥመጃ ስለሌለ ዘዴውን አንድ አድርጎ መዝግቦ መቀጠል ግድ ነው።

ለአቃቂና ለሌሎቹ

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት ሥራ ተጀምሯል። ዳርቻው ሲያምር ዓይናችን ያያል፤ ውኃው መዳኑን ግን ዓይን አይመሰክርም። በጣና በኩልም ዓሦቹ ከሚራቡባቸው ወንዞች መካከል ርብና መገጭ ለመስኖ ግድብ የተጀመረባቸው ናቸው። እነዚህን ሥራዎች ለመቃወም አልቆምኩም፤ ውኃና ምግብ ለሕዝባችን ያስፈልጋል። የምለው ከሥራው በፊት ያልተለካ ከሥራው በኋላ ሊመዘን አይችልም ነው። የጣናን መቀነስ ያወቅነው እ.ኤ.አ. በ1991 የለኩ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

ይህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሰሌዳ፣ ሚዛን፣ መረብ፣ ባልዲና እርሳስ ይበቃል። በመዝገቡ ላይ ቀኑና ሰዓቱ፣ የጅረቱ ስምና ከፍታው፣ የውኃው ሙቀት፣ ማጥመጃውና የቀዳዳው ስፋት፣ ዝርያው፣ የተለካው የርዝመት ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ጾታው ከታወቀ ጾታው፣ የለኪው ስም ይጻፍ። ዓሣ ያልተገኘበት ቀንም «ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ ከባዶ ገጽ እጅግ የተለየ መረጃ ነው። በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘዴ የሚደገም ልኬት ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚደረግ ሰፊ ዘመቻ ይበልጥ ዋጋ አለው።

ትንሹ አቃቂ አንድ ቀን ከላይኛው ገባሮቹ ዓሣ ቢወርድለት የመጀመሪያው ጥያቄ «አለ ወይ?» ይሆናል። ሁለተኛው «በየትኛው ርዝመት አለ? ግልገሎችስ አሉ?» የሚለው ነው። ሦስተኛው «ደልቶታል ወይስ ከስቷል?» ነው። ሦስቱን በቅደም ተከተል የሚመልሱ ሰዎች ከዚህ አዳራሽ እንዲወጡ እመኛለሁ፤ የምሥራቹም ሆነ መርዶው ከእነርሱ መዝገብ እንዲሰማ።